የቤት ራውተርና የምሥጢር ዋሻ፤ በዋየርጋርድ ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ጄሰን ዶነንፌልድ ዋየርጋርድ የተባለውን የመገናኛ ሥርዓት የገለጡበትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 በሳንዲዬጎ ከተማ በተደረገው የኔትዎርክ ደኅንነት ጉባኤ ላይ አቀረቡ። በ2020 ሥርዓቱ በሊኑክስ ከርነል በ5.6ኛው እትም ውስጥ ገባ፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ የቤት ራውተሮች ላይ ይገኛል። ጥናቱን ያመሰገኑት ብዙዎች ናቸው፤ እኛም ምስጋናውን አንነፍገውም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሥርዓቱ ከተመራማሪው ጠረጴዛ ወርዶ በአንድ ቤተ ሰብ ራውተር ላይ በተተከለ ጊዜ የሰጠው ተስፋ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩን እንግለጥ። ቪፒኤን ማለት በሁለት መሣሪያዎች መካከል በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የምሥጢር ዋሻ ነው። ዋሻው በስልክ ላይ ሲተከል የሚያገለግለው ያንኑ ስልክ ብቻ ነው፤ በራውተር ላይ ሲተከል ግን ከራውተሩ ጋራ የተገናኘው ሁሉ፥ ቴሌቪዥኑም የእንግዳው ስልክም፥ ሳይጠየቅ በዋሻው ያልፋል። ስለዚህ ራውተሩን የሚያዘጋጀው ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ ይወስናል ማለት ነው። ሂሳችን የሚነሣው ከዚህ ነው።

የጥናቱ ዋና ብርታት ቀላልነቱ ነው። ደራሲው የሥርዓቱ ፕሮግራም ከ4,000 መስመር ያነሰ መሆኑን ይናገራሉ፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ሊያነበውና ሊመረምረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኦፕንቪፒኤን በተለመደው አሠራሩ ከከርነሉ ውጭ ስለሚሠራ፥ እያንዳንዱ ፓኬት ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይመላለሳል፤ ይህም ምልልስ ደካማ ፕሮሰሰር ላለው ራውተር ከባድ ሸክም ነው። ዋየርጋርድ ግን በከርነሉ ውስጥ ይሠራል፤ የመረጠውም ቻቻ20 የተባለው የምሥጢር አጻጻፍ ልዩ የፕሮሰሰር ድጋፍ ሳያሻው ይፈጥናል። በዚህ ረገድ ሥርዓቱ ለቤት ራውተር የተሠራ ይመስላል።

ይሁን እንጂ የፍጥነቱ ማስረጃ የተገኘው በራውተር ላይ አይደለም። በጥናቱ ውስጥ ዋየርጋርድ በሴኮንድ 1,011 ሜጋቢት፥ ኦፕንቪፒኤን ደግሞ 258 ሜጋቢት ሲያስተላልፉ የተለኩት ኮር አይ 7 የተባለ የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚፈጥን ቁጥሩ ያሳያል፤ በትንሹ ራውተር ላይ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚገኝ ግን አያሳይም። ስለዚህ ይህን ቁጥር ይዞ ራውተር የሚገዛ ሰው ቢያዝን ጥፋቱ የጥናቱ ሳይሆን የአንባቢው ነው።

ከዚህ የሚከብደው የሰዓት ጉዳይ ነው። ዋሻውን የሚጠይቀው ወገን በመጀመሪያው መልእክቱ ውስጥ ሰዓቱን ይጽፋል፤ ተቀባዩም ቀድሞ ከተቀበለው ሰዓት የማይበልጥ መልእክት ሲመጣለት ይጥለዋል። ይህ የተደረገው ጠላት አሮጌ መልእክት ቀድቶ መልሶ እንዳይልክ ነው፤ አሳቡም መልካም ነው። ነገር ግን አብዛኛው የቤት ራውተር ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት ይዞ ይነሣል። ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት እንዳይጠይቅ መንገዱ ሁሉ በዋሻው በኩል ተደርጓል፤ ዋሻው እንዳይከፈት ደግሞ ሰዓቱ ትክክል አይደለም። ቁልፉን ከውስጥ ትቶ በሩን እንደ ቈለፈ ሰው ራውተሩ ደጅ ቆሞ ይቀራል። መብራት በሚመላለስበት ቤት ይህ ተራ ነገር ነው እንጂ አልፎ አልፎ የሚደርስ አደጋ አይደለም።

እንደዚሁም የስም ጉዳይ አለ። የሰርቨሩ አድራሻ በስም የተሰጠ እንደ ሆነ ስሙ ወደ ቁጥር የሚለወጠው ዋሻው በሚዘጋጅበት ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቁጥሩ ኋላ ቢለወጥ ራውተሩ የሚያንኳኳው የቀድሞውን ቤት ነው። ኦፕንደብሊውአርቲ በተባለው የራውተር ሥርዓት ውስጥ ስሙን እንደ ገና የሚያስጠይቅ ትንሽ ፕሮግራም ከጎን ሊጨመር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በሥርዓቱ የተገኘው ቀላልነት እንግዲህ በከፊል ሥራውን ለሌላ ከማስተላለፍ የመጣ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ከሁሉ የሚበልጠው ነቀፌታችን ግን ስለ ዝምታው ነው። ዋየርጋርድ ለማያውቀው ሰው ከቶ አይመልስም፤ ይህም ከሚያስሱት ጠላቶች ይሰውረዋል። ዳሩ ግን የተሳሳተ ቁልፍ፥ የተዘጋ መንገድና የቀረ ሰዓት ለባለቤቱ የሚታዩት ሁሉም አንድ ሆነው ነው፤ ዝም ይላሉ። ዋሻው በራውተሩ ላይ «ተነሥቷል» ተብሎ ሳለ በሌላው ጫፍ ማንም ላይኖር ይችላል። በስልክ ላይ ተጠቃሚው ቢያንስ ምልክት ያያል፤ በራውተር ጊዜ ግን የቤቱ ሰዎች ዋሻው መኖሩንም መውደቁንም አያውቁም።

ለፍርድ ሚዛን ሲባል አንድ ነገር መነገር አለበት። በሌላው ጫፍ ያለው ሰርቨር ዝም ቢል ፓኬቶቹ በዋሻው አፍ ይጠፋሉ እንጂ በግልጥ አይወጡም። የሚወጡት ዋሻው በራውተሩ ላይ ሲፈርስ ወይም ራውተሩ ተነሥቶ ዋሻው ገና ሳይዘረጋ ነው፤ ያን ጊዜ የድሮው መንገድ ክፍት ከሆነ ሁሉም ምንም እንዳልሆነ በዚያው ይፈሳል። አይፒ ቪ 6 የተባለው መንገድ ከዋሻው ውጭ ቢረሳ ደግሞ ዋሻው ቆሞ ሳለ እንኳ በጎን ይፈሳል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የተባለው ለዚህ ይስማማል።

መድኀኒቱ ሩቅ አይደለም። በፋየርዎሉ ላይ የቤቱ ኔትዎርክ ወደ ዋሻው ብቻ እንዲያልፍ ፈቅዶ ወደ ውጭው መንገድ መከልከል፤ አይፒ ቪ 6ን ወይ በዋሻው ማሳለፍ ወይ መዝጋት፤ የቤቱን የስም ጥያቄ በዋሻው መላክ፤ ራውተሩ ራሱ ግን ሰዓቱንና የሰርቨሩን ስም ከዋሻው ውጭ እንዲጠይቅ መተው ነው። ይህ ሁሉ ሲደረግ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። ዋሻው ሲያልቅ መልእክቱ እንደ ማናቸውም መልእክት ወደ ኢንተርኔት ይወጣል፤ ቀድሞ የኢንተርኔት አቅራቢው ያየው የነበረውን አሁን የሰርቨሩ ባለቤት ያየዋል። እምነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ይህን ማለታችን የዶነንፌልድን ሥራ ለማንኳሰስ አይደለም፤ ዋሻውን እርሳቸው በሚገባ ሠርተዋል። የቤቱ ሰዎች ግን የተሰጡት አደራ ለዋሻው ሳይሆን ራውተሩን ላዘጋጀው ሰው ነው። ስለዚህ እርሱ ሥራውን የሚጨርሰው ዋሻው በተከፈተ ዕለት ሳይሆን፥ መብራቱን አጥፍቶ ካበራ፥ ዋሻውን አፍርሶ ምንም አለመውጣቱን ካየ፥ ከዚያም ማን ምን ሊያይ እንደሚችል ለቤቱ ሰዎች በግልጥ ከነገራቸው በኋላ ነው።