ከአዝማቹ ወዲያ፦ የ«ፖኒዪን ሴልቫን» ሙዚቃ እንዴት ይመዘናል

የህንድ ፊልም ሙዚቃ ወዳጆች አዲስ ሥራ በወጣ ዕለት ፍርድ መስጠትን ልማድ ያደረጉ ሲሆን፣ ፍርዱ ዘወትር የሚያርፈው በአዝማቹ ላይ፣ ማለትም ዜማው አንዴ ተሰምቶ ጆሮ ውስጥ ይቀራል ወይስ አይቀርም በሚለው ላይ ነው። ይህ መለኪያ ራሱን ችሎ ለሚወጣ ነጠላ ዘፈን ሊያገለግል ቢችልም ለፊልም የተደረሰን ሙዚቃ ለመመዘን ግን አይበቃም፤ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ብቃት በይበልጥ የሚገለጠው አዝማቹ ካበቃበት አንሥቶ፣ በመሣሪያ መሸጋገሪያዎቹ፣ በድምፃዊ ምርጫውና ከዘፈኖቹ ውጭ ከምስሉ ሥር በሚፈስሰው ማጀቢያ ውስጥ ነውና። ኤ. አር. ራህማን፣ የታሚሉ ዳይሬክተር ማኒ ራትናም በሁለት ክፍል ለሠራው «ፖኒዪን ሴልቫን» የደረሰው ሙዚቃ ለዚህ ሐሳብ የተመቸ ማሳያ ነው። የፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል በሴፕቴምበር 2022፣ ሁለተኛው በኤፕሪል 2023 ለእይታ የበቃ ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በህንድ ፊልም «የሙዚቃ ዳይሬክተር» የሚባለው ባለሙያ የሥራ ድርሻ ከኢትዮጵያው ልማድ የሰፋ መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ዘፈን የግጥሙ፣ የዜማውና የቅንብሩ ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ፣ በህንድ ፊልም ግን ግጥሙ ለገጣሚ ተትቶ ዜማ መድረሱ፣ መሣሪያ ማቀናበሩ፣ ድምፃዊ መምረጡና ማጀቢያውን መሥራቱ በአብዛኛው በአንድ ሰው ኃላፊነት ሥር ይወድቃል፤ በመሆኑም «ዜማው ጥሩ ነበር፣ ቅንብሩ አበላሸው» የሚለው የተለመደ ፍርድ እዚያ ሲነገር ያው አንዱን ሰው በአንድ አፍ ማመስገንና መውቀስ ይሆናል። የአሠራር መንገዱም ከደራሲ ደራሲ ይለያያል። በ1976 «አናኪሊ» በተባለው ፊልም ሥራውን የጀመረውና ከሺህ በላይ ፊልሞችን ያጀበው ኢላያራጃ የእያንዳንዱን መሣሪያ ድርሻ ገና ሙዚቀኞቹ ሳይጫወቱት በኖታ በእጁ ጽፎ የሚሰጥ ደራሲ ነው። በ1967 የተወለደውና በዘጠኝ ዓመቱ የፊልም ሙዚቀኛ የነበረውን አባቱን አር. ኬ. ሼካርን በሞት ያጣው ራህማን ደግሞ፣ በወጣትነቱ በኢላያራጃ ቡድን ውስጥ ጭምር ኪቦርድ ሲጫወት ቆይቶ በ1992 በማኒ ራትናም «ሮጃ» ብቅ ሲል፣ ከቤቱ አጠገብ ባቋቋመው ስቱዲዮ ድምፅን በድምፅ ላይ እየደረበ የሚሠራ፣ ድምፃዊውን አንዱን ስንኝ በልዩ ልዩ መልክ አስቀርጾ የፈለገውን በኋላ የሚመርጥ ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህ ልዩነት የአድማጩንም አደማመጥ ይለውጠዋል፤ ኢላያራጃን የሚመዝን ሰው የትኛው መሣሪያ ለየትኛው እንደሚመልስ፣ ቫዮሊኖቹ ከድምፃዊው ዜማ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ መከተል ሲገባው፣ ራህማንን የሚመዝን ግን በአንድ ቅጽበት ስንት ድምፅ ተደርቦ እንዳለና አንዱ ንብርብር ሲነሣ ምን እንደሚጎድል ማድመጥ ይኖርበታል።

የህንድ ፊልም ዘፈን የተለመደ አካል አለው። በታሚል ፓላቪ፣ በሂንዲ ሙክዳ የሚባለው አዝማች ይቀድማል፤ ቀጥሎ የመሣሪያ መሸጋገሪያ ይገባል፤ ከዚያ ቻራናም ወይም አንታራ የሚባለው ቤት ተዘፍኖ ወደ አዝማቹ ይመለሳል፤ ይኸው ዑደት ባብዛኛው አንድ ጊዜ ይደገማል። ተራ ደራሲ መሸጋገሪያውን ድምፃዊው ትንፋሽ እስኪሰበስብ የሚሞላ ባዶ ቦታ አድርጎ ሲያየው፣ የበቃው ደራሲ ግን ሁለቱን መሸጋገሪያዎች ለየቅል አድርጎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ቤት ቃሉ ተለውጦ ዜማው ያው ቢሆን እንኳ የሚገባበት በር ተለውጧልና አድማጩ ሌላ ስሜት ይዞ ይደርስበታል። አንድን አዲስ ሥራ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ግጥሙን ሳይከተል መሸጋገሪያዎቹን ብቻ ቢሰማ ብዙ ያተርፋል። በ«ፖኒዪን ሴልቫን» የመጀመሪያ ዘፈን በ«ፖኒ ናዲ» ይህን ማድረግ ቀላል ነው። ፖኒ የካቬሪ ወንዝ የጥንት ስም ሲሆን፣ ዘፈኑ ቫንዲያቴቫን የተባለው ወጣት ጦረኛ በፈረስ የቾላ መንግሥትን ምድር አቋርጦ ሲጓዝ የሚሰማ ነው፤ ራህማን ራሱ ከእኅቱ ከኤ. አር. ራይሃና ጋር ሲዘፍነው፣ ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ያረፈው የባምባ ባክያ እጅግ ወፍራም ድምፅ ከሥር ሆኖ መሬቱን ራሱን የሚወክል ይመስላል። የተጓዡን ደስታ ከላይ ያሉት ድምፆች ይዘውታል፤ የአገሩን ስፋትና ዕድሜ ግን አድማጩ የሚረዳው ከዚያ ከታችኛው ድምፅ ነው፤ አዝማቹን ብቻ ያንጎራጎረ ሰው ግማሹ ነገር አምልጦታል።

ከዜማው አደረጃጀት ጋር የሚያያዘው ሌላው ጉዳይ ራጋ ነው። ራጋ ማለት የተወሰኑ ድምፆች ስብስብ ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ድምፆች ላይ የመውጫና የመውረጃ መንገድ፣ የሚያርፉባቸውና የሚወዛወዙባቸው ድምፆች፣ የሚለዩባቸውም ሐረጎች ጭምር የተደነገጉበት የዜማ ሥርዓት ነው። የአማርኛ ዘፈን አድማጭ እዚህ ላይ ከብዙዎች የተሻለ መነሻ አለው፤ ሞሃናም የተባለው የደቡብ ህንድ ራጋ የሚጠቀምባቸው አምስት ድምፆች፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ፣ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች ሲሆኑ፣ በሰሜን ህንድ ጉንካሊ የሚባለው ራጋ ደግሞ ድምፆቹ ከአምባሰል ጋር አንድ ናቸው። ይሁን እንጂ ኢላያራጃ በ1988 ለ«አግኒ ናትቻቲራም» በሞሃናም የሠራውን «ኒኑኮሪ ቫርናም» የሰማ ኢትዮጵያዊ ትዝታ ነው ብሎ አይሳሳትም። ልዩነቱን የሚያመጣው በካርናቲክ ማለትም በደቡብ ህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ጋማካ የሚባለው፣ አንድን ድምፅ ቀጥ አድርጎ ከመያዝ ይልቅ ወደ ጎረቤቱ እያወዛወዙና እያንሸራተቱ የመዝፈን ጥበብ ነው፤ ከያሬዳዊ ዜማ ምልክቶች ርክርክን የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይቀርበዋል። ለመዛኙ የሚጠቅመው ጥያቄ እንግዲህ ደራሲው የትኛውን ራጋ መረጠ የሚለው ሳይሆን፣ ከራጋው ሕግ የት ላይ እንደወጣና መውጣቱን ትዕይንቱ ይፈልገው እንደነበር ነው። የፊልም ደራሲ ሕግ ለማፍረስ ፈቃድ አለው፤ ኢላያራጃ በ1985 በ«ሲንዱ ባይራቪ» የካርናቲክ ዜማ ደራሲውን የትያጋራጃን «ማሪ ማሪ ኒኔ» ከተለመደው ከካምቦጂ ራጋ አውጥቶ በሳራማቲ ራጋ ሲያስቀምጠው ይህንኑ ፈቃድ ተጠቅሞ ነበር፤ የፊልሙም ሙዚቃ ብሔራዊ ሽልማት አግኝቶለታል።

ታሪካዊ ፊልም ሲመጣ ምዘናው አንድ ተጨማሪ ችግር ይገጥመዋል። «ፖኒዪን ሴልቫን» ካልኪ ክሪሽናሙርቲ ከ1950 ጀምሮ በመጽሔት ተከታታይ አድርጎ ባወጣው ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በቾላ መንግሥት ላይ የተነሣውን የዙፋን ሽኩቻ የሚተርክ ነው፤ ርዕሱ የሚያመለክተው ባለታሪክም በኋላ ቀዳማዊ ራጃራጃ ተብሎ የነገሠውና በ1010 ገደማ የተጠናቀቀውን ታላቁን የታንጃቩር ቤተ መቅደስ ያሠራው ልዑል ነው። አንዳንድ አድማጮች ሙዚቃው «የዘመኑን ድምፅ አላመጣም» የሚል ወቀሳ ሲያቀርቡ፣ በልባቸው የያዙት የዘመኑ ድምፅ በቫዮሊን የታጀበ የካርናቲክ ዘፈን ነው። ነገር ግን ቫዮሊን ወደ ካርናቲክ ሙዚቃ የገባው በ1800 አካባቢ ከአውሮፓውያን ተወስዶ ሲሆን፣ ዛሬ የሚሰማውን የካርናቲክ ዝማሬ መልክ ያስያዙት ትያጋራጃና ሁለቱ ዘመነኞቹም የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ናቸው። የቾላ ቤተ መንግሥት ሙዚቃ እንዴት እንደተሰማ የሚያሳይ ቅጂ በማንም እጅ የለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሙዚቃው ለራሱ ዓለም ታማኝ መሆኑ ነው። ራህማን ከበሮን፣ የብዙ ሰዎችን የጋራ ድምፅና የገጠር ዜማን መሠረት አድርጎ፣ የኤሌክትሮኒክስ ድምፆችን ከሥር ደብቆ ያቋቋመው ዓለም በአብዛኛው እርስ በርሱ ይስማማል። ሹማምንቱ ካዳምቡር በተባለው ግቢ ስለ ዙፋኑ በሚዶልቱበት ሌሊት የሚታየው «ዴቫራላን አታም» የዚህ ምርጫ ከፍተኛው ውጤት ነው፤ ዜማው ሆን ተብሎ ቀንሶ ምቱ ስለተባዛ ጭፈራው መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማስጠንቀቂያ ይሰማል። በአንጻሩ «ቾላ ቾላ» የልዑሉን ታላቅ ወንድም የአዲታ ካሪካላንን ቁስል ሊናገር ተነሥቶ በብዙ ወንዶች ድምፅና በጩኸት የሚጠመድ፣ ከሌላ የጦርነት ፊልም ተወስዶ ቢገባ ማንም የማይነቃበት ዘፈን ነው።

ድምፃዊ መምረጥን በተመለከተ፣ በህንድ ፊልም ተዋናዩ አፉን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማው የዘፈን ድምፅ በአብዛኛው የሌላ ሰው ነው፤ ይህ አሠራር ፕሌይባክ ይባላል። የድምፁ ውበት ብቻውን መለኪያ አይሆንም፤ ድምፁ የባለታሪኳን ዕድሜ፣ ኑሮና የልብ ሁኔታ መሸከም አለበት። የጀልባ ቀዛፊዋ የፑንጉዛሊ ዘፈን ለሆነው ለ«አላይካዳል» ራህማን የመረጠው ከታወቁት ታላላቅ ድምፃውያን አንዷን ሳይሆን ወጣቷን አንታራ ናንዲን ሲሆን፣ መሣሪያውንም እጅግ ቀንሶ ድምፁ በውኃ ላይ ብቻውን እንዲሄድ አድርጎታል፤ ጌጥ የበዛበት ድምፅ ቢገባ ኖሮ የባሕር ዳር ልጅነቷ በጠፋ ነበር። በአልበሙ ውስጥ ለብዙ ጊዜ የሚቆየው ይህ ዘፈን መሆኑን መናገር ድፍረት አይሆንም። በ2025 የማኒ ራትናምና የራህማን ሌላ ሥራ በሆነው በ«ታግ ላይፍ» የታየውም ነገር ጉዳዩን ያጎላዋል፤ «ሙታ ማዛይ» የተባለው ዘፈን በታሚሉ አልበም ዲ በተባለች ድምፃዊት ተዘፍኖ ሳለ፣ ሌላዋ ድምፃዊት ቺንማዪ በአልበሙ ምረቃ መድረክ ላይ ስትዘፍነው ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ የማን ይበልጣል እያለ ሲከራከር ሰነበተ፤ ዘፈኑ ግን በሲኒማ ቤት በታየው ፊልም ውስጥ አልገባም። ትዕይንት የሌለው የፊልም ዘፈን በየትኛው ድምፅ ይበልጥ ያምራል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የትኛው ድምፅ ትክክል ነው ለማለት ግን መመዘኛው ጎድሏል።

ቋንቋውንም መዘንጋት አይገባም። ፊልሙ በታሚል፣ በሂንዲ፣ በቴሉጉ፣ በማላያላምና በካንናዳ የቀረበ ሲሆን ዘፈኖቹም በእነዚሁ ቋንቋዎች ተቀርጸዋል። በህንድ ፊልም ዜማው ቀድሞ ግጥሙ በኋላ መጻፉ የተለመደ ስለሆነ ትርጉሙ ያን ያህል አይጎዳም የሚል ሰው ቢኖርም፣ ታሚል አጭርና ረጅም አናባቢን ትርጉም ለመለየት የሚጠቀም ቋንቋ ነውና ደራሲው የዜማውን ርዝመት የሚሰፋው በዚያ ልክ ነው። የአማርኛ ዘፋኝ የሚጠብቀውን ፊደል አላልቶ ሲዘፍን ጆሮ እንደሚጎረብጠው ሁሉ፣ በሌላ ቋንቋ ቃል የተሞላ የታሚል ዜማም ባልተገባ ቦታ የተሳበ አናባቢ ይበዛበታል። ቋንቋውን የማያውቅ አድማጭም ቢሆን የታሚሉን ቅጂ አስቀድሞ ቢሰማ ይመረጣል።

የመጨረሻውና ብዙ አድናቂ የማይደርስበት የምዘና ቦታ ማጀቢያው፣ ማለትም ዘፈን በሌለበት ከንግግሩና ከምስሉ ሥር የሚሰማው ሙዚቃ ነው። የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት ከ2009 ፊልሞች ጀምሮ ለዘፈንና ለማጀቢያ ለየብቻ ሽልማት መስጠቱ ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ውሳኔ ነበር፤ የ«ፖኒዪን ሴልቫን» የመጀመሪያ ክፍል ለራህማን ሰባተኛውን ብሔራዊ ሽልማት ያስገኘለትም በማጀቢያው ነው። በዚህ ፊልም ማጀቢያውን ሳይሰሙ ዘፈኖቹን ብቻ መፍረድ ይበልጥ የሚያሳስተው፣ ማኒ ራትናም ዘፈኖቹን እንዳሉ ከማስገባት ይልቅ ቆራርጦ በትረካው ውስጥ መበተንን ስለመረጠ ነው። ልዕልት ኩንዳቫይና ቫንዲያቴቫን ሲገናኙ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብልጭ ብላ የምትጠፋ አንዲት ዜማ በመጀመሪያው ክፍል አልበም ውስጥ አልነበረችም፤ ተመልካቹ ግን ከሲኒማ ቤት ይዟት ወጣ፣ ትውጣልንም እያለ ጠየቀ፤ በማርች 2023 በሻክቲሽሪ ጎፓላን ድምፅ «አጋ ናጋ» ተብላ የሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያ ዘፈን ሆነች። ሙሉው ዘፈን ያማረ ነው፤ ሆኖም መሸጋገሪያና ሁለተኛ ቤት ሲጨመርለት ሁለቱ ሰዎች ሊናገሩት ያልደፈሩትን ነገር ዘርዝሮ ስለሚናገር፣ በመጀመሪያው ክፍል ከዝምታቸው ሥር ያለፈችው ቁራጭ ከእርሱ ትበልጣለች።