የዳይኖሰር ግቢ አይቶ ለመፍረድ

አንድ ሰው በጌም የሠራውን የዳይኖሰር ፓርክ ሲያሳያችሁ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ቲ-ሬክሱ ላይ ነው። እሱን እለፉት። በቂ ገንዘብ ያጠራቀመ ሁሉ ቲ-ሬክስ ማስፈልፈል ይችላል። የሠሪው ችሎታ የሚታየው በአጥሩ ውስጥ ባለው መሬት አደላደል ነው።

የምናገረው ስለ ጁራሲክ ወርልድ ኢቮሉሽን ነው። የእንግሊዙ ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ የመጀመሪያውን ጌም እ.ኤ.አ. በ2018፣ ሁለተኛውን በ2021 አወጣ። በሁለተኛው ጌም እንስሳው ውኃውን፣ ምግቡንና ደኑን እየተከተለ ግዛቱን ራሱ ይወስናል። ኩሬው በአንድ ጫፍ፣ ምግቡ በሌላው ጫፍ ከሆነ ግዛቱ ይለጠጥና የጎረቤቱን ይነካል፤ ከዚያ ጠብ ይነሳል። ብዙ ተጫዋች ይህን ሲያይ አጥሩን ያሰፋል። መፍትሔው ግን ኩሬውን ማንቀሳቀስ ነው።

በሆሳዕና ዙሪያ ባሉት የሌሞ መንደሮች ያደገ ሰው ይህን ለማየት የሠለጠነ ዓይን አለው። ከብቱ ማታ በቤቱ ውስጥ ባለ ጋጣ ያድራል፤ እንሰቱ ከጓሮ ነው፤ ከደጅ ያለው ሜዳ ለሣር ተትቷል። ጠዋት ከጋጣ የሚወጣው እበት እንሰቱ ሥር ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ይበቃዋል። እርስ በርስ የሚፈላለጉ ነገሮች ሁሉ ተቀራርበው ተቀምጠዋል። የጌሙንም ግቢ በዚሁ ዓይን መመርመር ነው።

የትራይሴራቶፕስ ግቢ ቢያሳዩአችሁ መንጋውን አጉልታችሁ ጥቂት ተከታተሉት። ኩሬው ወደ መሐል ቀረብ ብሎ፣ የሚበሉት ተክል በዙሪያው ተበትኖ፣ ዛፉ በአንድ ወገን ጠቅጠቅ ብሎ ከሆነ መንጋው ሳይበታተን ከውኃ ወደ መኖ፣ ከመኖ ወደ ጥላ ይዘዋወራል። አንዱ ለብቻው ተነጥሎ አጥር ለአጥር የሚመላለስ ከሆነ ግን የእንስሳውን የምቾት መለኪያ ክፈቱ፤ የጎደለው እዚያ ይታያል። አጥር ጥሶ መውጣት የሚጀምረውም ከዚህ ጉድለት ነው። ሽቦው ኤሌክትሪክ ስለተለቀቀበት ብቻ የሚተማመን ሠሪ አልወድም። በጌሙ የነፋስ ማዕበል ሲመጣ የመጀመሪያው ተጎጂ አጥሩ ነው፤ ያን ቀን ፓርኩን የሚያድነው እንስሳው ለመውጣት ምክንያት ማጣቱ ነው።

ቀጥሎ በሮቹን እዩ። የጠባቂዎቹ መኪና በየጊዜው ገብቶ የእንስሳቱን ጤና ማየት አለበት። ጎበዝ ሠሪ የሥራውን መንገድ በሁለት ግቢዎች መካከል ያሳልፍና በአንድ መንገድ ሁለት በር ያገለግላል። አጥሩ ቢሰበር እንኳ ሥጋ በሉ እንስሳ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ባዶ መንገድ ነው። በሩን ጎብኚ በሚተራመስበት ጎዳና ላይ የከፈተ ሠሪ ግን፣ ፓርኩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከእኔ ጥሩ ነጥብ አያገኝም።

መስህብ ላይ ስንደርስ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅርበትን ከጥሩ እይታ ጋር አንድ አድርጎ በማየት ነው። በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመው የስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ለረጅም ዘመን አንበሶቹን በጠባብ የብረት ፍርግርግ ውስጥ ያሳይ ነበር። ጎብኚው በቅርብ ያያቸዋል፤ አንበሳው ግን የሚሄድበት ቦታ የለውም። ቆሞ ወይም ተኝቶ ከሚታይ እንስሳ ይልቅ የሚራመድ፣ የሚጠጣና የሚሻማ እንስሳ ሰውን ያቆያል። ስለዚህ መመልከቻው የሚተከለው ውኃውና መኖው በአንድ ጊዜ በሚታዩበት ቦታ ነው፤ ፊቱን የሚጋርድ ዛፍም መኖር የለበትም። አጆራ ፏፏቴ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። የአጃንቾና የሶኬ ወንዞች ጎን ለጎን ሲወርዱ ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያሳየውን ቦታ ማግኘት ነው ጥበቡ። ወደ መመልከቻው የሚወስደው መንገድም የመስህቡ አካል ነው። በከምባታ የሐምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎች ራሳቸው ሰው ይስባሉ፤ በእያንዳንዱ እርከን አገሩ እየሰፋ ይታያል። በጌሙም መንገዱ በጫካ ተከልሎ መጥቶ ድንገት ሜዳው ላይ ሲከፈት ሠሪው ስለ ጎብኚው አስቦ እንደሠራ ይታወቃል።

ሱቅ፣ ሆቴልና መጸዳጃ ቤት ከመመልከቻው አጠገብ ከሆኑ ይበቃል፤ የአደጋ ጊዜ መጠለያው ግን ሰው በሚበዛበት ቦታ ሁሉ መኖር አለበት።

እንግዲህ ጓደኛችሁ ፓርኩን ሲያሳያችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፤ እጁን ከመጫወቻው ላይ ያንሳና ጌሙ ማዕበል እስኪመጣ ድረስ ራሱ ይሂድ። ማዕበሉ አልፎ መንጋው ኩሬው ዳር ከተገኘ ሙሉ ነጥብ ስጡት።