የክንድ እብጠትን የሚከላከለው ቀዶ ሕክምና ለጋምቤላ ምን ይጠቅማል?

ክረምት ላይ ቦይ ሲደፈን ውኃው መንገድ ላይ ይተኛል። ክንድም ላይ እንዲሁ ነው። ከደም ሥሮች ወደ ሥጋችን የሚሰርገውን ፈሳሽ የሚመልሱት የሊምፍ ቱቦዎች ናቸው፤ የክንዱ ቱቦዎች በብብት ንፍፊቶች በኩል ያልፋሉ። የጡት ካንሰር ወደ ንፍፊቶቹ ሲዛመት ሐኪሞች ያወጧቸዋል፣ ቱቦዎቹም አብረው ይቆረጣሉ። ከእነዚህ ሴቶች ከአምስት የአንዷ ክንድ ገደማ በኋላ ያብጣል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ ለምታድር እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቦካርዶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት መፍትሔ እንደኔ ያለውን መሐንዲስ ደስ ያሰኛል፦ ንፍፊቶቹ በሚወጡበት ሰዓት የተቆረጠውን ቱቦ በአቅራቢያው ካለ ደም መልስ ጋር መስፋት። ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ በዕጣ ተመድበው በተደረገ ሙከራ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከተሰፋላቸው 9.5 በመቶው፣ ካልተሰፋላቸው 32 በመቶው አብጠዋል። ውጤቱ የመጀመሪያ ዙር ቢሆንም ጥሩ ነው።

ታዲያ ምኑ ነው ያልተዋጠልኝ? “መከላከል” የሚለው ስም ነው። ቀዶ ሕክምናው የሚጠግነው እኛው የቆረጥነውን ነው። መቆረጥ ነበረበት ወይ? ካንሰሩ በጊዜ ከተገኘ ጥቂት ንፍፊቶችን ብቻ አውጥቶ መመርመር ሊበቃ ይችላል፤ ያኔ የሚያብጥባቸው ከሃያ አንዷ ገደማ ናቸው።

ደግሞስ ማን ይሰፋዋል? ቱቦው ከ1 ሚሊ ሜትር ይቀጥናል፤ ማይክሮስኮፕ፣ ከፀጉር የቀጠነ ክርና በደንብ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። የጨረር ሕክምና እንኳ ለረጅም ዓመታት የነበረው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ ከጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ።

ጋምቤላ ግን ለሊምፍ እብጠት አዲስ አይደለችም። ትንኝ የምታስተላልፈው ዝሆኔ በክልሉ ይገኛል፤ እሱም የሊምፍ ቱቦን ነው የሚጎዳው። ላበጠ እግር የሚደረገው እንክብካቤ፣ በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቁስልን ቶሎ ማከም፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ለክንድም ይሠራል። በዚህ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ጨምሩ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለቱንም ክንዶች በየ4 ሳንቲ ሜትሩ ለክቶ መጻፍ፣ በኋላም በየጥቂት ወሩ መድገም። ልዩነቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ክንዱ ሳይከብድ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ማይክሮስኮፑም ይምጣ፣ አልቃወምም። ግን ከእሱ በፊት እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ጡቷ ላይ ጓጓላ ካገኘች፣ “አያምም፣ ይቆይ” እንዳትል አደራ። ትልቁ መከላከል የሚጀምረው እዚያ ነው።