ባላንጣን የማቆየት ጥበብ

በታሪክ ልብ ወለድ ውስጥ ደመኛ መፍጠር ቀላል ነው፤ ጭንቁ እሱን ማቆየት ላይ ነው። በሠላሳኛው ገጽ ወዳጁ የተገደለበት ጀግና በሠላሳ አንደኛው ጎራዴውን መዝዞ ለምን አይሄድም? ደራሲው ገና ሦስት መቶ ገጽ ስለሚቀረው! አንባቢ ይህችን ምክንያት ከሩቅ ያሸታታል። ጀግናው ድንገት ሲታመም፣ መንገድ ሲጠፋበት፣ ደብዳቤ ሳይደርሰው ሲቀር፣ ከመጋረጃው ጀርባ የደራሲው እጅ ይታየዋል።

ለዚህ ጭንቅ ከማውቃቸው መልሶች ሁሉ የሚበልጥብኝን ያገኘሁት ራፋኤል ሳባቲኒ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው «ስካራሙሽ» ውስጥ ነው። ወደ መጽሐፉ የመራኝ በ1952 የወጣው ፊልም ነበር። ፊልሙ በቲያትር ቤት ውስጥ በሚካሄድ ረጅም የጎራዴ ፍልሚያ ይታወቃል። መጽሐፉ ግን ጎራዴ ለመምዘዝ አይቸኩልም።

ሳባቲኒ በ1875 ጣሊያን ውስጥ ዬሲ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ እንግሊዛዊት፣ ሁለቱም የኦፔራ ዘፋኞች ነበሩ። ብዙ ቋንቋዎች እያወቀ ለድርሰቱ እንግሊዝኛን መረጠ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1902 ወጣ፤ ሰፊ ዝና ያገኘው ግን ከ19 ዓመት በኋላ፣ በዚሁ በስካራሙሽ ነው። (ከሁለተኛ መጽሐፋቸው በኋላ ብዕራቸውን ሊሰቅሉ ለሚያስቡ ወዳጆቼ ይህን ቁጥር ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።)

ታሪኩ የሚጀምረው በ1788፣ በአብዮቱ ዋዜማ፣ በፈረንሳይ ብሪታኒ ነው። ማቤ የተባለ ድሃ ገበሬ ከጌታው ደን አንዲት የዱር ወፍ ሰረቀ ተብሎ በጥበቃ ተተኩሶበት ይሞታል። የክህነት ተማሪው ፊሊፕ ደ ቪልሞራን ፍትሕ ለመጠየቅ ወደ ጌታው፣ ወደ ማርኪ ደ ላ ቱር ዳዚር ይሄዳል። ማርኪው ወጣቱን በስድብ ጎንትሎ ወደ ፍልሚያ ያስገባውና ይገድለዋል። ለምን ገደለው? ልጁ አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ፤ እንዲህ ያለ ምላስ ለመኳንንቱ አደገኛ ስለሆነ። ይህንንም ሳያፍር ለሟቹ ጓደኛ፣ ለወጣቱ ጠበቃ ለአንድሬ ልዊ ሞሮ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ቀሪው መጽሐፍ የተፀነሰው እዚህ ነው። ማርኪው መሬት ወይም ሴት ፈልጎ አልገደለም። በራሱ ሕግ ሲታይ የቆመበትን ሥርዓት የጠበቀ፣ ፍልሚያውንም እንደ ወጉ የፈጸመ የክብር ሰው ነው። ደግሞም የገደለበት ምክንያት የአንድሬ ልዊን መንገድ ይቀይስለታል፦ ምላስ ፈርተህ ከገደልህ፣ ያው ምላስ ይከተልሃል። ወጣቱ ጠበቃ በመጀመሪያ ሬን ከተማ ወደሚገኘው የንጉሡ እንደራሴ ሄዶ አቤት ይላል። እንደራሴው አይሰማውም፤ ማርኪን የሚከስ ሕግ የለምና። ከዚያ ወደ አደባባይ ወጥቶ የሟቹን ንግግር ለሕዝብ ያሰማል። የሚገርመው ግን አንድሬ ልዊ በዚያ ንግግር አያምንም! ቪልሞራን በሕይወት ሳለ በዚሁ ሐሳብ ሲሟገተው፣ ሲያሾፍበት የኖረ ሰው ነው። ያላመነበትን ቃል ለሙት ወዳጁ ብሎ ሲናገር ከተማ ያነሳሳል። እኛ ጀግኖቻችንን ከመጀመሪያው ገጽ አማኝ አድርገን እንፈጥራቸዋለን፤ ከዚያ በኋላ የሚሄዱበት ቦታ ያጣሉ።

ከዚህ ወዲያ የሚመጣው መዘግየት ሁሉ ከባላንጣው ይመነጫል። በንግግሩ የተነሳ የሞት ፍርድ የሚጠብቀው አንድሬ ልዊ ሸሽቶ ከዘላን ተዋንያን ጋር ይቀላቀላል፤ ጭምብል አጥልቆ ስካራሙሽ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይጫወታል። ያም ሕይወት በማርኪው ምክንያት ሲፈርስበት ፓሪስ ገብቶ በአንድ የሻሞላ ትምህርት ቤት ይቀጠራል። ሳባቲኒ መጽሐፉን በሦስት ከፍሎ በጠበቃ ካባ፣ በተዋናይ ጫማና በሰይፍ ሰይሞታል። ጀግናው ከባላንጣው በሸሸ ቁጥር ባላንጣውን የሚገጥምበት አንድ ሙያ ይጨምራል።

እንደ ጸሐፊ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ሻሞላ ትምህርት ቤቱ ነው። አንድሬ ልዊ የቆዩ የሻሞላ መጻሕፍትን አገላብጦ ማንም ያላሰበውን ያስባል፦ እያንዳንዱን ምት ለብቻው ከመሰንዘር ይልቅ፣ ተቃዋሚው የሚሰጠውን መልስ አስቀድሞ ገምቶ፣ ከብዙ ምት በኋላ ደረቱን ወደሚያጋልጥበት ቦታ ደረጃ በደረጃ መንዳት። ከተዋንያኑ ጋር ሳለም ሥራው ይኸው ነበር። በኮሜዲያ ዴላርቴ ተዋናዩ የታሪኩ አጽም ብቻ ይነገረውና ንግግሩን መድረክ ላይ ይፈጥራል፤ አጽሙን ያዘጋጅ የነበረው ደግሞ አንድሬ ልዊ ነው። ሳባቲኒ የራሱን የአጻጻፍ ዘዴ በጎራዴ ትምህርት ውስጥ ደብቆ ያሳየን ይመስለኛል።

ደግሞም ያንኑ ዘዴ በእኛው ላይ ይሠራብናል። አብዮቱ ፈንድቶ በተቋቋመው ብሔራዊ ምክር ቤት፣ የመኳንንቱ ወገን የሆኑ ጎራዴ አዋቂዎች የሕዝቡን እንደራሴዎች እየጎነተሉ በፍልሚያ ይገድላሉ፤ ቪልሞራን የሞተበት ዘዴ አገራዊ ሆኗል ማለት ነው። አንድሬ ልዊ እንደራሴ ሆኖ ይገባል። የማርኪው ዘመድ ሻብሪያን ይጎነትለዋል፤ እሱም ግብዣውን በትሕትና ይቀበላል። በማግስቱ ምክር ቤት አርፍዶ ይገባና ይቅርታ ጠይቆ፣ ሻብሪያን ከእንግዲህ እንደማይገኝ ያስታውቃል። አንባቢ የሚስቀውም የሚሰቀጥጠውም እዚያው ላይ ነው፤ ደግነቱን የወደድነው ልጅ የገዳዩን ወግ ከገዳዩ በላይ ተክኖበታል።

የፍቅሩ መስመር ግን ይደክምብኛል። አንድሬ ልዊ የሚወዳት አሊን ብልህና ምላሰኛ ሆና ሳለች፣ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ በአፍታ በሚፈታ አለመግባባት ብዙ ምዕራፍ ትታሰራለች። መግቢያዬ ላይ ያማረርኩበት የደራሲ እጅ እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መጨረሻውን ያላነበበ እዚህ ያቁም። ነሐሴ 1792፣ የቱለሪ ቤተ መንግሥት በተወረረበት ቀን፣ ማርኪው ከሕዝቡ ሸሽቶ አንድሬ ልዊ ያለበት ቤት ይገባል፤ እዚያም አባትና ልጅ መሆናቸው ይገለጣል። የ1952ቱ ፊልም ይህን ለውጦ ወንድማማች አደረጋቸው። ለተመልካች ሳይቀል አልቀረም፤ ታሪኩ ግን ይሳሳል። ያንን ምላስ ፈርቶ ቪልሞራንን የገደለው ሰው፣ ሳያውቅ ከዚያ የከፋ ምላስ ወልዷል። መጽሐፉን ሁለተኛ ሲያነቡት የአባትና የልጁ ቁጣ ቀዝቃዛ መሆኑ፣ ስድባቸው በጨዋ ቃል መምጣቱ፣ ኩራታቸውም ሁሉ አንድ ሆኖ ያገኙታል። ሳባቲኒ ይህን ሁሉ ዘርቶ ሳለ በመጨረሻው ትዕይንት አባትና ልጅን አያላቅስም። የሚያስታርቃቸውን ቃል አይሰጣቸውም፤ ሳይጋደሉ እንዲለያዩ ብቻ ይፈቅድላቸዋል።