«መግጠም» ብቻ አይበቃም
በግፊት ስለሚያዙ የኮርኒስና የግድግዳ ፓነሎች የቃላት አተረጓጎም የቀረበ ሒስ

የሕንፃ ሥራ በአገራችን እየተስፋፋ በሄደ መጠን ከዕቃው ጋር የሚመጣውን የአሠራር መመሪያ ወደ አማርኛ መመለስ ለተርጓሚዎቻችን የዘወትር ተግባር ሆኗል። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሠራተኛው የሚሠራውን ነገር በሚያውቀው ቋንቋ እንዲያነብ ማድረግ የቃላት ጥናት ከሚቆምላቸው ዓላማዎች አንዱ ነውና። ይሁን እንጂ ከእጃችን የገቡትን እንዲህ ያሉ ትርጉሞች ስንመረምር አንድ ጉድለት ደጋግሞ አጋጥሞናል። ተርጓሚዎቹ ለዕቃው ስም ብዙ ይጨነቃሉ፤ ዕቃው ለሚያዝበትና ለሚላቀቅበት ድርጊት፣ ማለትም ለግሡ፣ ግን እምብዛም አያስቡም። ይህን አስተያየታችንን በአንድ ጠባብ መስክ ላይ፣ ይኸውም ያለ ሚስማርና ያለ ብሎን በግፊት ብቻ እየገቡ በሚያዙ የኮርኒስና የግድግዳ ፓነሎች ላይ ተመሥርተን ለማስረዳት እንሞክራለን።

1. ነገሩና አሠራሩ

ስለ ቃሉ ከመናገር በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። ከጣሪያ በታች ተንጠልጥሎ የሚሠራ ኮርኒስ ፓነሎቹ በሚያዙበት መንገድ በሦስት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው ፓነሉ በብረት ፍርግርግ ላይ በገዛ ክብደቱ የሚቀመጥበት ነው። ለዚህ ዓይነት መስፋፋት አሜሪካዊው ዶናልድ ብራውን ትልቅ ድርሻ አለው፤ ማመልከቻውን እ.ኤ.አ. በ1958 አቅርቦ የፈጠራ መብቱን በ1961 ተቀብሏል። የአሳቡ ዋና ነጥብ ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ክፍተት፣ ሽቦና ቧንቧ ወደሚያልፍበት ቦታ፣ ከሥር ሆኖ መድረስ እንዲቻል ማድረጉ ነው። ሠራተኛው ፓነሉን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ አጋድሞ ያወጣዋል።

ሁለተኛው ፓነሉ በጠርዙ ባለው መንጠቆ በሐዲድ ላይ የሚሰቀልበት ነው።

ሦስተኛውና የዚህ ሒስ ርእስ የሆነው በእንግሊዝኛ «ስናፕ-ኢን» ወይም «ክሊፕ-ኢን» የሚባለው ነው። በዚህ አሠራር የፓነሉ ጠርዝ ወደ ላይ የታጠፈ ሆኖ በላዩ ትንንሽ እብጠቶች አሉት። ሠራተኛው ፓነሉን ከሥር ሲገፋው ሞላ መሰሉ ሐዲድ ለቅጽበት ከፈት ይልና እብጠቱን ያሳልፋል፤ እብጠቱ ካለፈ በኋላ ወደ ቀድሞ ቅርፁ ተመልሶ ይይዘዋል። ረጃጅሞቹና ጠባቦቹ የአሉሚኒየም ፓነሎችም ጥርስ ባለው ተሸካሚ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ይያዛሉ። ግድግዳ ለመልበጥም በዚሁ መንገድ የሚሠሩ ፓነሎች አሉ።

እዚህ ላይ የመያዣው ቅርፅ ራሱ ትርጉም አለው። መግቢያው ፊት ተዳፋት በሆነ መጠን ፓነሉ በትንሽ ግፊት ይገባል። መያዣው ፊትም ተዳፋት ከሆነ ሲስቡት ተመልሶ ይወጣል፤ ቀጥ ያለና ወደ 90 ዲግሪ የቀረበ ከሆነ ግን በመሣሪያ ካልተፈለቀቀ ወይም ካልተሰበረ በቀር አይወጣም። እንግዲህ በዚህ ድርጊት ውስጥ አራት ነገሮች አሉ፤ መገፋት፣ ለጊዜው መለጠጥ፣ ተመልሶ መያዝ፣ በመጨረሻም የሚላቀቅ ወይም የማይላቀቅ መሆን። ጥሩ የሙያ ቃል አራቱንም መናገር አይጠበቅበትም፤ አንዱንም እንዳይሰውር ግን ይጠበቅበታል።

2. የ«ገጠመ» ችግር

ሦስቱን ዓይነት ፓነሎች የሚመለከቱ መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ሦስቱም ድርጊቶች በአብዛኛው «ገጠመ» በሚለው አንድ ግሥ ይጠቃለላሉ። «ገጠመ» ሰፊና ጠቃሚ ግሥ ነው፤ በር ይገጠማል፣ ጎማ ይገጠማል፣ የተሰበረ አጥንት ይገጥማል፣ ባለቅኔም ይገጥማል። ስፋቱ ግን እዚህ ላይ ጕዳት ሆኗል። ሁለት ነገር መገናኘቱን ይነግረናል እንጂ በምን ኀይልና በየት አቅጣጫ እንደ ተገናኘ አይነግረንም።

ጕዳቱ ይበልጥ የሚታየው ፓነሉን ለማውጣት በሚሰጠው ትእዛዝ ላይ ነው። «ፓነሉን አንሣ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። በአማርኛ «አነሣ» ወደ ላይ ማድረግም፣ ከቦታው ማስወገድም ነው። በፍርግርግ ላይ ለተቀመጠ ፓነል ሁለቱ ፍቺዎች ስለሚስማሙ ሠራተኛው አይሳሳትም። በሐዲድ ለተያዘው ፓነል ግን ፍቺዎቹ ይቃረናሉ፤ እርሱ የሚወጣው ወደ ታች በመሳብ ነው። ወደ ላይ ያነሣው ሰው ፓነሉን አጣሞ፣ ሐዲዱን አላልቶ ይተወዋል። የላላ ሐዲድ ደግሞ መልሶ የተገፋበትን ፓነል አጥብቆ አይዝም፤ ከሥሩ የሚቀመጠው ሰው ለዚህ የአንድ ግሥ ስሕተት ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

«አጥብቀህ ግጠም» የሚለውም አነጋገር እንዲሁ ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ይረዝማል፤ 3 ሜትር የሆነ ፓነል የ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለውጥ ሲደርስበት ርዝመቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይለዋወጣል። በጥርስ ወይም በሞላ መሰል ሐዲድ የመያዝ አንዱ ጥቅም ፓነሉ ወደ ታች ሳይወድቅ ወደ ጎን ለመንሸራተት ጥቂት ነጻነት ማግኘቱ ነው። «አጥብቀህ» የተባለ ትጉህ ሠራተኛ በላዩ ሚስማር ወይም ብሎን ቢጨምርበት መመሪያውን ፈጸመ እንጂ አላጠፋም። ያጠፋው ተርጓሚው ነው።

የአያያዝ ልዩነት እስከ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ከሌላ አገር አንድ ምስክር እንጥቀስ። ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በግሬንፌል ሕንፃ ላይ በደረሰው ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞተዋል። ሕንፃው የተለበጠው በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ገጾች መካከል ፕላስቲክ ባለው ፓነል ነበር። ጉዳዩን በመረመረው ሸንጎ ፊት እንደ ቀረበው፣ ይኸው ፓነል እንደ ሣጥን ክዳን ታጥፎ በሐዲድ ሲሰቀል፣ ጠፍጣፋ ሆኖ በሪቬት ከተመታው ይልቅ በእሳት ፈተና እጅግ የከፋ ውጤት አሳይቶ ነበር። ዕቃው አንድ ነው፤ የተለየው አያያዙ ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «የተገጠመ ፓነል» ብንላቸው የእሳት መከላከያ ባለሙያው ከጽሑፋችን ምን ይረዳል?

3. ኮርኒስና ግሦቹ

ተርጓሚዎቻችን ድርጊቱን የዘነጉት ለስሙ ሲጨነቁ ነው ብለናል። የአገራችን የግንባታ ቋንቋ ግን ባዕድ ስም ከመቀበል ተከልክሎ አያውቅም። ኮርኒስ፣ ሞራሌ፣ ላሜራ፣ ዞኮሎ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞላ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ መጥተው በሠራተኛው አፍ ተለምደዋል። አንዳንዶቹም ትርጉማቸውን ለውጠዋል። «ኮርኒስ» በጣሊያንኛ መነሻው የጠርዝ ጌጥን ወይም ክፈፍን የሚያመለክት ሲሆን፣ በአማርኛ ከጣሪያ በታች ያለውን ገጽ በሙሉ መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ መመሪያ ውስጥ ይኸው ቃል ሲያጋጥመው ሳይመረምር «ኮርኒስ» ብሎ የሚያልፍ ተርጓሚ የጠርዙን ጌጥ ኮርኒስ ያደርገዋል። በአንጻሩም «ሲሊንግ» የሚለውን «ጣሪያ» ብሎ የሚተረጕም፣ ዝናብ የሚከላከለውንና ከሥሩ ያለውን ገጽ ያደባልቃል። «የዋጋ ጣሪያ» በምጣኔ ሀብት ቋንቋ ተለምዷል፤ በሕንፃ ቋንቋ ግን ጣሪያ ጣሪያ፣ ኮርኒስ ኮርኒስ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስሙ ባዕድ ቢሆንም ግሡ ምንጊዜም የአገር ልጅ መሆኑ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ሲሆን ይወጠራል። ችፑድ ሲሆን በሞራሌ ላይ ይመታል። ዕቃው በተለወጠ ቍጥር ሠራተኛው አያያዙን የሚናገር ሌላ ግሥ ከቋንቋው አውጥቷል። የማይወጠረውና የማይመታው ኮርኒስ በመጣ ጊዜ ግን ተርጓሚው ቀደመውና «ገጠመ»ን ወይም «ክሊፕ አደረገ»ን አስቀመጠለት።

«ክሊፕ አደረገ» የሚለውን የምንቃወመው ባዕድ ስለ ሆነ አይደለም። ጥቂቶች ካልሆኑ በቀር ባዕድ ግሦች ወደ አማርኛ የሚገቡት «አደረገ» ወይም «አለ» ተጨምሮባቸው ነው፤ በዚህ መልክ የገባ ቃል እርባታው ይደርቃል። አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ መሣሪያውንና አኳኋኑን በአንድ ቃል መናገር አይቻልበትም። መመሪያ ግን ዘወትር የሚፈልገው እነዚህኑ ነው፤ የሚይዘው ማን ነው፣ የሚያዘው የቱ ነው፣ በምን ይያዛል፣ እንዴት ይያዛል። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ስሙን ከግሡ እንዲያወጣ ግሥ እንዲያጠና የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ስም በእንግድነት ሊገባ ይችላል፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ግሥ ግን የቤቱ ሰው ቢሆን ይሻላል።

4. የቀረቡ አማራጮች ሲመዘኑ

ከመመዘናችን በፊት አንድ መርሕ እናስቀምጥ። አንድ ቃል በሌላ ሙያ ሌላ ትርጉም ስላለው ብቻ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው በዚያው ሙያ ውስጥ ከሌላ ጽንሰ አሳብ ጋር ሲጋጭ ነው።

ሀ. «ተገጣጣሚ»። በዚሁ በሕንፃ ሙያ «ተገጣጣሚ ቤት» ክፍሎቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው በቦታው የሚቆም ቤት ማለት ሆኖ ጸንቷል። ስለዚህ ይጋጫል።

ለ. «ተሰኪ»። መግባቱን ጥሩ አድርጎ ይናገራል፤ መያዙን ግን አይናገርም። የተሰካ ነገር በሳቡት ጊዜ ይነቀላል።

ሐ. «ጠቅታ»። የሚሰማውን ድምፅና ቀላሉን ንክኪ ይገልጻል። ድምፁ መያዙን ለማረጋገጥ ይጠቅም ይሆናል፤ ነገር ግን ድምፅ ምልክት እንጂ ድርጊት አይደለም።

መ. «ተሰቃይ»። ይህ «ሰቀለ» ከሚለው ተወጥቶ በመንጠቆ ለሚሰቀለው ፓነል ሊታሰብ የሚችል ነው። በሰዋስው ሕግ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሥቃይ ከሚደርስበት ሰው ጋር በድምፅ ስለሚገጥም በሰሚ ፊት ፈገግታ ከማስነሣት አያልፍም።

ሠ. «ተቀርቃሪ»። እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። «ቀረቀረ» በሩን በመወርወሪያ ዘጋ ማለት ነው፤ በጠባብ ቦታ አግብቶ እንዳይወጣ አደረገ ማለትም ነው። ሁለቱም ፍቺዎች ለጉዳያችን ይስማማሉ። እርባታውም ምሉዕ ነው፤ ቀርቃሪ፣ ተቀርቃሪ፣ መቀርቀሪያ፣ አቀረቃቀር፣ አስቀረቀረ። «አቀረቀረ» አንገቱን ደፋ ለሚለው የተያዘ ስለ ሆነ ለማስደረግ «አስቀረቀረ»ን ብቻ መጠቀም ይገባል።

በዚህ ቃል ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ «ቅርቃር ውስጥ ገባ» እንደሚባለው ቃሉ መጥፎ ስሜት አለው የሚል ነው። ይህ የሚያረጋግጠው ግን «በቀላሉ አይወጣም» የሚለው ፍቺ በሕዝቡ ዘንድ ሕያው መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ቃሉ ስለ መለጠጥ ምንም አይናገርም የሚል ነው። ይህ ትክክለኛ ነቀፋ ነው። መልሳችን፣ ያ ነጥብ በፍቺው ውስጥ በግልጽ ይጻፍ የሚል ብቻ ነው፤ ሁሉን ተሸካሚ ቃል እንሥራ ብንል የሚወለደው ቃል ማንም የማይጠራው ይሆናል።

5. የውሳኔ አሳብ

ከዚህ በላይ በተባለው መሠረት የሚከተሉትን ቃላት ከነፍቺያቸው ለውይይት እናቀርባለን።

ቀረቀረ (በሕንፃ ሥራ)፦ ፓነልን በመግፋት፣ መያዣው ለጊዜው ተለጥጦ ወደ ቅርፁ ሲመለስ እንዲይዘው አደረገ።

ተቀርቃሪ ፓነል፦ ያለ ሚስማር፣ ያለ ብሎንና ያለ ማጣበቂያ ከላይ በተባለው መንገድ የሚያዝ የኮርኒስ ወይም የግድግዳ ፓነል። የሚላቀቅ ወይም የማይላቀቅ መሆኑ ሁልጊዜ ይገለጽ።

መቀርቀሪያ ሐዲድ፦ ተቀርቃሪ ፓነልን በሞላነት ወይም በጥርስ የሚይዝ ተሸካሚ። በውስጡ ያለችው ትንሽ ቁራጭ «ክሊፕ» ብትባል አንቃወምም።

አላቀቀ፦ የተቀረቀረውን በመሳብ ወይም በመሣሪያ በመፈልቀቅ ከመያዣው አወጣ። ለዚህ ድርጊት «አነሣ» አይነገር።

ተቀማጭ ፓነል፦ በፍርግርግ ላይ በክብደቱ ብቻ የሚያርፍ። ይህ ወደ ላይ ይነሣል።

ባለ መንጠቆ ፓነል፦ በጠርዙ ባለው መንጠቆ በሐዲድ ላይ የሚሰቀል።

ልባጥ፦ የግድግዳን ገጽ የሚሸፍን ተጨማሪ ንጣፍ፤ ግሡ «ለበጠ»። «ክላዲንግ» ለሚባለው ይሁን።

ይህን ስናቀርብ የመጨረሻውን ቃል ተናገርን ብለን አይደለም። የመጨረሻው ዳኛ መሰላል ላይ ቆሞ ፓነሉን በእጁ የያዘው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ተርጓሚዎች ቃል ከመምረጣቸው በፊት አንድ ቀን ከመሰላሉ ሥር ቆመው ሠራተኛው ለረዳቱ የሚሰጠውን ትእዛዝ ቢያዳምጡ፣ የሰሙትንም ግሥ ለዚህ መጽሔት ቢልኩልን፣ ከእኛ ምርጫ የተሻለ ቢሆን በደስታ የእኛን ትተን የእርሱን እንመዘግባለን።