እንዳገኛችሁት እመኑ ስለሚለው ቃል፤ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ቁጥር 24 ላይ የተጻፈ ሐተታ

በለሲቱ በደረቀች ጊዜ ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ ስለ ጸሎት ያስተማረውን ቃል ብዙዎች ሲተረጕሙት ሰምተናል። የሚበዛውም ትርጓሜ እንዲህ ነው፤ የለመነ ሰው አገኘሁ ብሎ በልቡ ቢቈርጥ እግዚአብሔር ይሰጠው ዘንድ ግድ ይሆንበታል፤ ያላገኘም እንደ ሆነ እምነቱ ጐድሎ ነው ይላሉ። ይህ ነገር ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ሎሌውን ጌታ፣ ጌታውንም ሎሌ ያደርጋል።

አስቀድመን አንቀጹን እንመልከት። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማግኘትን በኃላፊ፣ መሆንን በትንቢት ተናገረው። ቀደምት የሆኑት የጽርዕ መጻሕፍትም መቀበልን በኃላፊ ያነቡታል፤ ከኋላ የተጻፉት ብዙዎቹ ግን በአሁን ጊዜ ያደርጉታል። ያገኘ ሰው ስለ ምን ገና ይሆንለታል ተባለ ቢሉ፣ መሰማቱ ዛሬ ስለ ሆነ፣ መታየቱ ግን ለጊዜው ስለ ተጠበቀ ነው። ለዚህም ዳንኤል ምስክር ነው፤ ቃሉ ከፊተኛይቱ ቀን ጀምሮ ተሰምቶ ሳለ መልአኩ 21 ቀን ተከልክሎ ቈየ። ሐናም ካህኑ ዔሊ ካሰናበታት በኋላ ገና ሳትፀንስ እህል ቀመሰች፤ ፊቷም ከኀዘን ተመለሰ።

አገኘሁ ብሎ ማመን ልመናን ያስተዋልን? አያስተውም። ኤልያስ ደመና ሳይታይ የዝናሙን ድምፅ ለንጉሡ ከነገረው በኋላ ራሱን በጕልበቱ መካከል ደፍቶ ብላቴናውን እስከ ሰባት ጊዜ ወደ ባሕር ይመለከት ዘንድ ሰደደው። ሰባተኛውን መላክ ያልታከተ ነቢይ እምነቱ ጐደለ የሚለው ማን ነው?

ወደ አገራችን ብንመለስ፣ ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ በአገው ምድርም በዳንግላና በእንጅባራ ጦሩን አሰፈረ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው በበለያ በኩል ወደ ጎጃም ዘለቁ፤ በየካቲት ጠላት ዳንግላንም እንጅባራንም ለቀቀ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም፣ ልክ በ5 ዓመቱ፣ አዲስ አበባ ገቡ። ስለዚህ ሰባኪው፣ እነሆ አመኑ፣ አገኙም ይላል። እኛም አንክድም።

ነገር ግን አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። እነዚህ አልጸለዩምን? ወይስ እምነታቸው ዳንግላ ሲለቀቅ በሕይወት ተገኝቶ ካየው ሰው እምነት አነሰ? ያ ትርጓሜ ሳያውቀው በሰማዕታት ላይ ይፈርዳል። በዐውደ ምሕረት ሲነገር በሰማሁት ጊዜ ሁሉ ዓይኔ የሚያርፈው ልጇን ቀብራ ከሴቶች መካከል በቆመች እናት ላይ ነው፤ ኀዘኗ ሳያንስ እምነት የጐደላት ትባላለች።

ጌታችን በጌቴሴማኒ ለእኛ አብነት ሊሆን ጽዋው ይለፍ ብሎ ጸለየ፤ ሐዋርያውም ወደ ዕብራውያን ሲጽፍ ጸሎቱ ተሰማ አለ። ጽዋው ግን አላለፈም፤ የተሰማውም በትንሣኤ ታየ። እንግዲህ አቡነ ጴጥሮስ አልተሰሙም ማለት አይቻልም። የ1933ቱን ነገር በዓይነ ሥጋ አላዩም፤ ይኸው ነው። ሐዋርያውም በዚያው መልእክት ተስፋውን ከሩቅ ተሳልመው የሞቱትን በእምነት ሞቱ ብሎ ቈጠራቸው እንጂ እምነት ጐደላቸው አላለም።

ደግሞ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ይህን ቃል የሚጠቅሱት ሁሉ በቁጥር 24 ላይ ያቆማሉ፤ በቁጥር 25 ጌታችን ለጸሎት የቆመ ሰው በወንድሙ ላይ ያለውን ቂም ይቅር ይል ዘንድ ማዘዙን አያነቡም። ማግኘትን ማመን ለሰው ይቀለዋል፤ ቂምን መተው ግን ይከብደዋል፤ ስለዚህም ይዘልለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማቸው በገቡ ጊዜ በሕዝቡ ፊት የተናገሩት፣ በጠላት ላይ ክፉን በክፉ አትመልሱ የሚል ትእዛዝ ነበረበት። የ5 ዓመቱን ጸሎት በዚያ ቀን የሚተረጕም መምህር ከሰንደቅ ዓላማው ጋራ ይህንንም ትእዛዝ አብሮ ያንብብ።