«እሺ» ባዩ ማሞ፦ የማሞ ቂሎ ቂልነት ከዐረፍተ ነገር ወደ ልጅ የተዛወረበት መንገድ

ማሞ ቂሎን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተረቱን ሙሉ በሙሉ ያልሰማ ሰው እንኳ ስሙን ለስድብም ለፍቅርም ይጠቀምበታል። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ማሞ ከእሳት ዳር ተረት ወደ ባለሥዕል መጽሐፍ፣ ከዚያም ወደ ንባብ መለማመጃ ሲሻገር ምን እንደ ሆነ ነው። መከራከሪያዬ አንድ ነው፤ በቃል ተረቱ ውስጥ ቂልነቱ የሚገኘው በዐረፍተ ነገሩ ላይ ነበር፤ በኋለኞቹ ቅጂዎች ግን ቂልነቱ በልጁ ላይ ተለጠፈ። ልዩነቱ አማርኛን ከሌላ ቋንቋ ጋር ለሚያድግ ልጅ ቀላል አይደለም። በምሥራቅ ሱዳን፣ በሰቲት ዳርቻ፣ በወድ ኤል ሒለውና በአካባቢዋ ያለውን የቋንቋዎች መደራረብ ለማሰብ የተገደድሁትም ስለዚህ ነው።

የተረቱ አጥንት የታወቀ ነው። ማሞ ሠርቶ ያገኘውን ሳንቲም በመንገድ ይጥላል። እናቱ ኪሱ ውስጥ ባለመክተቱ ትወቅሰዋለች። በማግስቱ በወተት ሲከፈለው ወተቱን ኪሱ ውስጥ ያፈሳል። በራስህ መሸከም ነበረብህ ሲባል፣ በሚቀጥለው ቀን ቅቤውን በፀሐይ በራሱ ተሸክሞ ይመጣል። የዕቃዎቹ ዓይነትና ቅደም ተከተል ከተራኪ ተራኪ ይለያያል፤ ስልቱ ግን አይለወጥም። የተረት ሊቃውንት ይህን ዓይነት በዓለም አቀፉ የአርነ፣ ቶምፕሰንና ኡተር ምድብ ቁጥር 1696 ይሉታል። ጆሴፍ ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው የእንግሊዝ ተረቶች ስብስብ ውስጥ ያለው ሰነፉ ጃክ የማሞ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ማሞን የእኛ ብቻ የሚያደርገው የታሪኩ ሐረግ ሊሆን አይችልም። የእኛ የሚያደርገው እናቱ የምትናገረው አማርኛ ነው።

ያንን አማርኛ ቀረብ ብለን እንመልከተው። እናት ልጇን ስትወቅስ በተለመደው አነጋገር «ኪስህ ውስጥ አትከተውም ነበር?» ትላለች። በዚህች አጭር አባባል ውስጥ ሦስት ማሰሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው «ነበር» ነው፤ ነገሩ ያለፈና ሊመለስ የማይችል መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው «-ው» የተባለው የተሳቢ ቅጥያ ነው፤ የሚያመለክተው ያንን የጠፋውን ሳንቲም እንጂ ሌላ ነገርን አይደለም። ሦስተኛው የአሉታና የጥያቄ ጥምረት ነው፤ አባባሉ መልስ የሚሻ ጥያቄ ወይም ትእዛዝ ሳይሆን ወቀሳ መሆኑን ያስታውቃል። ማሞ ሦስቱንም ይፈታና «ኪስ» ከተባለው ስምና «ከተተ» ከተባለው ግስ ጋር ብቻውን ይቀራል። ከዚያም «እሺ» ይላል።

ይህች «እሺ» የገጸ ባሕርዩ ቁልፍ ናት። ለወቀሳ የሚገባው መልስ ዝምታ፣ ይቅርታ ወይም ማስተባበያ ነው፤ «እሺ» የሚባለው ለትእዛዝ ነው። ማሞ በእሺታው የእናቱን ያለፈ ጊዜ ወደ መጪ ጊዜ ይለውጠዋል። እንግዲህ ጉድለቱ የቃላት ዕውቀት አይደለም፤ እያንዳንዱን ቃል ያውቃል። የመታዘዝም ጉድለት የለበትም፤ በአማርኛ ተረቶች ውስጥ እንደ እሱ ቃል በቃል የሚታዘዝ ልጅ አላውቅም። የሚስተው አንድ አባባል የታሰረበትን ጊዜና ነገር ብቻ ነው። ተሳቢው ሲለወጥ ስሕተቱ ይበልጥ ይጎላል። ሳንቲሙ፣ ወተቱና ቅቤው በ«-ው» የሚጠቀሱ ተባዕት ናቸው፤ ድመቷና አህያዋ ግን በአብዛኛው በአንስታይ ቅጥያ ይጠራሉ። «አትሸከመውም ነበር» የተባለውን ወስዶ አህያዋን የሚሸከም ልጅ፣ ቅጥያው ራሱ «ይህ አንተን አይመለከትም» እያለ ሲጮህበት አልፎት ይሄዳል። እንግሊዝኛ ግዑዙን ሁሉ በአንድ ተውላጠ ስም ስለሚጠራ ጃክ ይህን ያህል ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም። የማሞ ስሕተት ከጃክ ስሕተት የሚያስቀውም ለዚህ ይመስለኛል።

ስሙም ይህንኑ ንባብ ይደግፋል። «ማሞ» ማንኛውም ትንሽ ወንድ ልጅ በቁልምጫ የሚጠራበት ቃል ነው። ተረቱ የሚናገረው ስለ አንድ የተለየ ልጅ ሳይሆን የእናቱን ንግግር መፍታት ገና ስለሚማር ልጅ ሁሉ ነው። የሚያደምጠው ሕፃን የሚስቀው ትናንት እሱ ራሱ የሳተውን ዛሬ ስላወቀው ነው።

ከቃል ወደ መጽሐፍ የተደረገው ሽግግር ሁለት ነገር ለወጠ። በዚህ ረገድ ዋናው ምዕራፍ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት «ሲሊ ማሞ» ነው። አማርኛና እንግሊዝኛን ያጣመረው ይህ ባለቀለም የሥዕል መጽሐፍ፣ እሳቸው ከጄን ኩርትዝ ጋር ለልጆች ንባብ ካደረጉት ጥረት ጋር የተያያዘ ነው፤ ከዚያ ጥረትም በ2003 አዲስ አበባ ሾላ የተከፈተው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተወልዷል። በባሕር ማዶ ለተወለዱ ልጆች ማሞን ያቆየላቸው ይህ ሥራ ነውና ውለታው ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ርእሱን ብቻ ብናጤን እንኳ አንድ ነገር ይታያል። የእንግሊዝኛው «ሲሊ» በጥንት ትርጉሙ «የተባረከ» ማለት ነበር፤ ዛሬም ከ«ቂል» ይልቅ የለሰለሰ፣ ለጨዋታ የቀረበ ቃል ነው። የባሕር ማዶው ማሞ ተጫዋች ሲሆን የአገር ቤቱ ማሞ ቂል ይሆናል፤ የሁለቱ ቋንቋዎች አንባቢ በአንድ ሽፋን ሥር ሁለት ልጆችን ያገኛል።

የመጀመሪያው ለውጥ ሥዕል ነው። በቃል ተረት ማሞ መልክ የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ሥዕል ግን የወተቱን ፍሳሽ ከእናቱ ዐረፍተ ነገር እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ ያሳያል። ተመልካቹ «ነበር»ን ሳይሰማ በውጤቱ ይስቃል። ይህ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል የአንድ ሌላ ዘመዱ ታሪክ ያስተምራል። ሣራ ኮን ብራያንት እ.ኤ.አ. በ1907 ባቀረቡት ቅጂ ውስጥ ልጁ ኤፓሚኖንዳስ ይባላል። በ1938 በወጣው የሥዕል እትም ደግሞ በጥቁር አሜሪካዊ ልጅ ላይ የሚያላግጥ መልክ ተሰጠው። የቃላት አለመግባባት የነበረው የአንድ ሕዝብ ባሕርይ መስሎ ታየ። ተረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ቂልነቱ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ በትምህርታዊ ቅጂዎች መጨረሻ የመታከል ልማድ ያለው ምክር ነው። «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?» ሲባል ልጆች ምክር እንዲሰሙ ይነገራቸዋል። ምክር ከማሞ በላይ የሰማ ማን አለ? ምክሩ ተረቱን ይገለብጠዋል፤ መስማትን አጥብቆ በመያዙ የሳተውን ልጅ ባለመስማት ይከሰዋል። ጄኮብስ ይህን ከመሰለ መደምደሚያ ርቋል። በእሱ ቅጂ የማትሰማና የማትናገር የባለጠጋ ልጅ ጃክ አህያ ተሸክሞ ስታይ ትስቃለች፤ ትናገራለችም። በንግግር የሚሳሳተው ልጅ ለሌላዋ ንግግርን ይመልስላታል።

እነዚህን ለውጦች ወደ ሰቲት ዳርቻ ስናመጣቸው ክብደታቸው ይታወቃል። ወድ ኤል ሒለው ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስደተኞችን ስታስተናግድ የኖረች ናት። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ወዲህም በሐምዳየት በኩል የተሻገሩት ብዙ ሺህ ሰዎች ወደ ኡም ራኩባና ቱነይድባ ተወስደዋል። በዚህ አካባቢ ልጆች ትግርኛ፣ አማርኛና የሱዳን ዐረብኛ እየተቀላቀለባቸው ያድጋሉ። እንዲህ ላለ ልጅ «ወተቱን ኪሱ ውስጥ ጨመረው» ብለን ብናነብለት ምን ይሰማል? በአማርኛ «ኪስ» የልብስ ነው። ቃሉ በመጣበት በዐረብኛ ግን ከረጢት ነው፤ በሱዳን ገበያም «ኪስ» ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው የላስቲክ ከረጢት ነው። ወተት በላስቲክ ሲሸጥ ላየ ልጅ፣ ወተትን በኪስ መያዝ ቂልነት ሳይሆን ብልኅነት ነው። ትግርኛ ተናጋሪውም ኪስን «ጁባ» ስለሚል አይረዳውም። ልጁ አይስቅም። አስተማሪው ተረቱን በኋለኛው መልኩ፣ ማለትም ቂልን እንደሚለይ መለኪያ ከያዘው፣ ያልሳቀውን ልጅ ራሱን «ማሞ ቂሎ» ሊለው ይችላል። ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ሰው ስምና ግስን ቀድሞ ይዞ የጊዜና የቅጥያ ማሰሪያዎችን ዘግይቶ መያዙ የተለመደ ነው። የማሞ አሰማም ይኸው ነው። ስለዚህ ስድቡ የሚያርፈው በትክክል በመማር ላይ ባለው ልጅ ላይ ነው።

የሚያስገርመው ሰዋስው ያለ ችግር ድንበር መሻገሩ ነው። የሱዳን ዐረብኛ ተናጋሪ እናት «ማ ካን ተኹቶ ፊ ጄበክ!» ብትል፣ አሉታውም፣ ያለፈው ጊዜም፣ የተሳቢው ቅጥያም ከአማርኛው «አትከተውም ነበር» ጋር ይገጥማሉ። ወቀሳው ያው ነው፤ «እሺ» ብሎ የመሳሳት ዕድሉም ያው ነው። የሚከዳን ስሙ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለድንበሩ ልጆች ማሞን የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ እንዲያጤነው የምፈልገው አንድ መርሕ አለ፤ ስሞቹ ይለወጡ፣ ግሡ አይነካ። «ኪስ» የጀላቢያ «ጄብ» ይሁን፤ ቅቤውም በሌላ በሚቀልጥ ነገር ይተካ። «አትከተውም ነበር»ን ለማቅለል ሲባል ወደ «ኪስህ ውስጥ ክተተው» የቀየረ አዘጋጅ ግን ተረቱን አጥፍቶታል። እናት በግልጽ ካዘዘች ማሞ ትክክል ነው፤ የሚቀረውም ያለ ምክንያት የሚሳቅበት ልጅ ነው። የመጨረሻውንም ምክር አንሥተን በስፍራው አንድ ጥያቄ ብንተው ይበጃል፦ «እናቱ እንዲህ ስትል ምን ማለቷ ነበር?» ይህን የተጠየቀ ልጅ ማሞን አይንቀውም። በሦስት ቋንቋ ቢያስብ እንኳ መልሱን ሲፈልግ ከማሞ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይገኛል።